ባንቺአየሁ የደፈነችው

አሮጌ ሞተር ለምን ዘይት እንደሚያፈስ የሚጠይቀኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ማንም አይጠይቅም። የዛሬ ሾፌር ከመኪናው ሥር ጥቁር ጠብታ ያየ እንደሆነ የሸጠለትን ሰው ይራገማል፤ አለያም መኪናውን አጥቦ ለሌላ የዋህ ይሸጣል። እኛ በደርግ ጊዜ በመተማ ቆላ እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረንም። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል፣ ይጠበቃል፤ መኪናው ግን ነገ ጠዋት ሰሊጥ መጫን አለበት። የነበረችን ባንቺአየሁ ናት።

እኔ እንግዳው እባላለሁ። በሸሕዲና በመተማ መካከል በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ። ሥራችን ሰሊጥና ማሽላ ከቆላ ጭኖ በጭልጋ ዳገት ወደ ጎንደር መውጣት ነው። መኪኖቹ ኤንትሬ የምንላቸው የጣሊያን መኪኖች ነበሩ፤ ከቀድሞ ባለ እርሻዎች የተወረሱ፣ ጠንካሮች፣ ግን ያረጁ። ሰው ሲያረጅ ዓይኑ እንደሚያነባ ሞተርም ሲያረጅ በየመገጣጠሚያው ያነባል። በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ዘይት የሚይዘው ጓርኒሲዮን በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብሎኖቹ በመንገዱ መንገጫገጭ ይላላሉ። የሚሽከረከረው ብረት ደግሞ ዙሪያውን የከበበውን የዘይት መዝጊያ እየፋቀ ይበላዋል። የእኛ አገር ሙቀቱም መንገዱም ለዚህ ሥራ የተቀጠሩ ይመስሉ ነበር።

ባንቺአየሁን ትሑት ሴት ነበረች ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት፣ በቀሚሷ ላይ የሟች ባሏን ሰማያዊ ቱታ የምትደርብ ሴት ናት። እሷ ጋራዥ ስትገባ መዶሻ የያዘ ሁሉ ወገቡን ያቃናል። ሥራዋን ሲያመሰግኗት መልሷ «አውቃለሁ» ነበር። እኔ ይህን ነገሯን እወደው ነበር። ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው «ምን ሠራሁና» እያለ ሲሽኮረመም ይቀፈኛል።

ከወገራ ከባሏ ከአዛናው ጋር ወርዳ ነው ቆላ የቀረችው። እሱ በአንድ ባለ እርሻ ዘንድ መካኒክ ሆነ። እሷ ለአጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉግ ለምንላቸው፣ ምግብ ታበስል ነበር። ከድስቱ ስትላቀቅ መኪና ሥር ለተኛው ባሏ ቁልፍ ታቀብላለች። መጀመሪያ የጠየቃትን ቁልፍ ማቀበል ነበር፤ ቀጥሎ ሳይጠይቃት የትኛውን እንደሚፈልግ ማወቅ መጣ፤ ኋላ ደግሞ «እሱን ተወው፣ ይኸኛው ነው የላላ» ማለት ጀመረች። አዛናው ይህን ለጓደኞቹ ሲያወራ ይኮራባት እንደነበር የሚያስታውሱ ሰዎች ነግረውኛል።

አዛናውን ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ገደለው። ያን ጊዜ ወደ አገሯ ትመለሳለች ያሉ ሁሉ ተሳሳቱ። እርሻው ሲወረስና ሠራተኛ ሲመዘገብ ሙያሽ ምንድን ነው ቢሏት «ሞተር» አለች። ሳቁና ወጥ ቤት መደቧት። እስከ ጥር ድረስ ወጥ ሠራች፤ እውነቱን ለመናገር ወጧ ጨው ይበዛበት ነበር። በጥር ትራክተሮቹ ዘይት እያፈሰሱ ተራ በተራ ሲቆሙ መካኒኮቹ ራሳቸው መጥተው ከምድጃው ላይ ወሰዷት። ከዚያ ወዲህ ወጡን ሌላ ሰው ሠራው፤ ሁላችንም ተጠቀምን።

አሠራሯን ቆሜ ማየት እወድ ነበር። ወፍራም ካርቶን ወይም ያለቀለት የወታደር ቡት ቆዳ ታመጣለች። ክዳኑ በሚቀመጥበት ብረት ላይ ዘርግታ ጠርዝ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያለች ትመታዋለች። ብረቱ ራሱ ቅርጹን ካርቶኑ ላይ ያትማል፤ የቀረው የመቀስ ሥራ ነው። ከዚያ በሁለት ፊቱ የግራር ሙጫ ትቀባዋለች። ሙጫውን የምታመጣላት መጂዳ የምትባል ከድንበሩ ማዶ የጋላባት ነጋዴ ነበረች፤ ሁለቱ ዋጋ ሲከራከሩ አንዷ ባማርኛ ሌላዋ ባረብኛ ነው፣ መጨረሻ ላይ ግን ሁለቱም «ጠማም»፣ መልካም፣ ብለው ይሳሳቃሉ። ባንቺአየሁ ሙጫውን በጥቂት ውሃ አቅልጣ በተነፋ አመድ ታወፍረዋለች። የግራር ሙጫን ዘይት አያሟሟውም፤ ጠላቱ ውሃ ነው። ይህን ያልሰማ ከገለጉ የመጣ አንድ ሾፌር ብልሃቷን ሰርቆ በውሃው ፓምፕ ላይ ሞክሮት ነበር። ገና ሸሕዲ ሳይደርስ ሙጫው አጥሚት ሆኖ ወረደ። እሷ ይህን ታሪክ ላገኘችው ሰው ሁሉ ታወራ ነበር፤ ሰውየው ባለበትም ጭምር።

የሞተሩ የኋላ ጫፍ፣ ትልቁ ብረት እየተሽከረከረ የሚወጣበት ቦታ፣ ብዙ መካኒክ ያዋረደ ቦታ ነው። እሷ እዚያ የምታስገባውን ገመድ ከጥጥ ፈትል ራሷ ትጎነጉነዋለች፤ ሞራ አጠጥታ፣ እንደ ሹሩባ አጥብቃ። ይህን ሁሉ ሥራዋን «ስፌት» ነበር የምትለው። ብሎን ስታጠብቅም ከአንድ ዳር ጀምራ ዙሪያውን አትሄድም። አንዱን ከዚህ ጠበቅ ታደርጋለች፣ ከዚያ ማዶ ያለውን፣ ከዚያ እንደገና ተመልሳ የመጀመሪያውን። አንድ ጉልበተኛ ብሎን እስኪያቃስት ሲያጠብቅ ካየችው አለቀለት።

«አንተ፣ ምነው አነቅኸው?» ትለዋለች። «ቆርቆሮውን አጣመምኸውኮ። የተጣመመ ክዳን ምን ቢለጥፉበት አይዘጋም። ጉልበትህን ጆንያ ተሸከምበት።»

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን አመዷ ነው። የት እንደሚያፈስ ያልታወቀ ሞተር ሲመጣ በናፍጣ ታጥበዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ ከዚያ የተነፋ አመድ ከጣሳ እየቆነጠረች ትነሰንስበታለች። ሞተሩ ሲሠራ ዘይት የወጣበት ቦታ ሁሉ አመዱ ላይ ጠቁሮ ይታያል። «አመድ አይዋሽም፤ ሾፌር ነው የሚዋሽ» ትለን ነበር።

በዚህ ሁሉ የተነሣ በእርሻው ውስጥ አንድ አባባል ተወለደ፤ ባንቺአየሁ የደፈነችው አያፈስም። አባባሉ ከመኪና አልፎ ለጣራም ለጋንም ተረፈ። ምስጢር የማይወጣው ሰው ሲገኝ እንኳ «እሱ ባንቺአየሁ የደፈነችው ነው» ይባል ጀመር። እሷም ይህን ስትሰማ አታፍርም፤ እንዲያውም ትደግመዋለች። ቢሻውን ለእስር ያበቃው ይኸው አባባል ነው።

ቢሻው የሥራ ባልደረባዬ ነበር። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፣ በጥንቃቄ ግን ሁላችንንም ይበልጣል። ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ጥፍሩ የነጻ ሾፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ እንዲያ ነበር። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር መኪናውን ወንዝ አውርዶ ያጥባል፤ ሞተሩን በጨርቅ ይወለውላል። ሚስቱ ባየሽ «እኔን እንዲህ የወለወለኝ ቀን የለም» እያለች ታስቀን ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ባንቺአየሁ የቢሻውን ሞተር ፈታ እንደገና ደፈነችለት። አጨዳው ደረሰ፤ ጭነት ተጀመረ። መኪናው ዘይት ይጨርስ ጀመር። ጎንደር ደርሶ ሲመለስ ዘይቱ ጎድሏል፤ ይሞላል፤ በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና ጎድሏል። በዚያ ዓመት የሞተር ዘይት እንደ መድኃኒት የሚፈለግ ነገር ነበር፤ ከድንበሩ ማዶ ደግሞ የሚገዛው አይጠፋም። የዕቃ ቤቱ ሰው ዘይቱ የት እንደሚሄድ ጠየቀው። ቢሻው «አላውቅም» አለ።

ማድረግ የነበረበት ወደ ባንቺአየሁ ሄዶ «የደፈንሽው ያፈሳል» ማለት ነበር። አላለም። ኋላ ራሱ እንደነገረኝ ይሉኝታ ያዘው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሚነገርላትን ስም በአንድ ቃል ማጉደፍ ከበደው። ደግሞም የመንግሥት ንብረት አበላሸች ተብላ እንዳትጠየቅ ፈራላት። ስለዚህ ሞተሩን ይበልጥ እየወለወለ፣ ዘይቱን እየሞላ፣ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። ይህ ተረት ስለ ሞተር የተነገረ አይመስለኝም።

የሠራተኛው ኮሚቴ ሊቀመንበር ያረጋል ይባል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ከበላይ «ዘይቱ የት ሄደ?» ተብሎ ተጠይቋል፤ በዚያ ዘመን ከላይ የተጠየቀ ሰው ከታች መልስ ማግኘት ነበረበት። ለነገሩም የተዘጋጀ ስም ነበረው፤ የኢኮኖሚ አሻጥር። ቢሻው ተይዞ መጋዘን ገባ። በማግስቱ ጠዋት በወታደር ታጅቦ ከሚወጣው ኮንቮይ ጋር ወደ ጎንደር ሊላክ ሆነ። በዚያ ዘመን እንዲህ ታስሮ የወጣ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም፤ ይመለስ እንደሆነም።

ከመላኩ በፊት ሠራተኛው ተሰብስቦ ይስማ ተባለ። ረፋድ ላይ በመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ባየሽ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች።

ያረጋል ነገሩን በሥርዓት አስረዳ። መኪናው ያፈሳል እንዳይባል ከቆመበት ሥር ያለው መሬት ደረቅ ነው። ሞተሩም ቢታይ ከሁላችን ሞተር ይልቅ ንጹሕ ነው። ሰው በንጽሕናው ሲከሰስ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወደ ቢሻው ዞረ።

«መኪናህን የደፈነልህ ማን ነው?»

«እትየ ባንቺአየሁ ናት።»

«ባንቺአየሁ የደፈነችው ያፈሳል?»

ቢሻው መሬት መሬት አየ። «እኔ እንጃ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አንተ ባታውቅ እኛ እናውቃለን። አያፈስም። ካልፈሰሰ እንግዲህ ተሽጧል።»

ሰዉ ሁሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ክፋቱ ያረጋል የተናገረው እኛው ራሳችን ስንለው የኖርነውን ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብዬ መነሣት ፈልጌ ነበር። ግን የእሷን ስም ሳልነካ ያን ማለት የምችልበት መንገድ አጣሁ፤ ተናድጄ ተቀመጥኩ። ባየሽ አንዴ ተመለከተችኝ፤ ዓይኗን መቋቋም አልቻልኩም።

ለሥርዓቱ ያህል ባንቺአየሁ ትመስክር ተባለ። እጇን በቱታዋ እየጠረገች ከጋራዡ መጣች።

«ጓድ ባንቺአየሁ፣» አላት ያረጋል፣ «የቢሻውን ሞተር የደፈንሽው አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያፈሳል?»

እዚህ ላይ «እኔ የደፈንሁት?» ብላ ትቆጣለች ብለን ጠበቅን። እንዲያ ብትል ማንም አይወቅሳትም። የምታምነውም እንዲያ ነበር። እሷ ግን ቢሻውን ተመለከተችው። እጁ ከፊት ታስሯል፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ቀና ብሎ አላያትም። ለምን ቀና እንደማይል የገባት በዚያች ሰዓት ይመስለኛል።

«ያፈሳል» አለች።

ያረጋል ግራ ገባው።

«ሲያፈስ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«ቢሻው ዘይት አይሸጥም። ካልተሸጠ ፈሷል። ከፈሰሰ ደግሞ በእኔ ስፌት ነው የፈሰሰ።»

ያረጋል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሊረዳት ፈልጎ እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። «ይህን ካልሽ ለጠፋው ዘይት የምትጠየቂ አንች ነሽ። ነገ በእሱ ቦታ የምትሄጅው አንች ነሽ። አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ። ኮንቮዩ ነገ ነው የሚወጣ፤ ዛሬ ገና ቀን ነው። መኪናውን ጭናችሁ ዳገት አውጡልኝ። ቆሞ አይደለም፣ እየሠራ ነው ማየት።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ሰው ስሙን ለማዳን ሲጣላ፣ ሲገድል፣ ሲሞት አይቻለሁ። ስሙን አንሥቶ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ያውም ስሙን እንደ እሷ የሚወድ ሰው። ያን ቀን ባንቺአየሁን እንደ እናቴ ወደድኳት፤ ይህን ለማለት አላፍርም።

ሰሊጡ ተጫነ። ባንቺአየሁ ሞተሩን በናፍጣ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ከላይ እስከ ታች አመድ ነሰነሰችበት። እንድነዳ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ያረጋል ከጎኔ ተቀመጠ፤ ባንቺአየሁና ቢሻው ከጠባቂ ጋር ጆንያው ላይ ወጡ። ሸሕዲን አልፈን ወደ ጭልጋ የሚወስደውን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰትን ተያያዝነው። እንዲያፈስ ልጸልይ ወይስ እንዳያፈስ አላውቅም ነበር። ቢያፈስ እሷ ልትሄድ ነው፤ ባያፈስ እሱ።

«ያፈስ ይሆን?» አለኝ ያረጋል፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

«አመዱ ይነግረናል» አልኩት።

አናቱ ላይ ደርሰን ሞተሩን ሳላጠፋ አቆምኩ። ኮፈኑ ተከፈተ። አመዱ ጠቁሮ ነበር። ከፊት በኩል፣ በላይኛው ክዳን ዙሪያ፣ በኋላ ጫፍ፣ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ሳይቀር ዘይቱ እንደ ላብ ወርዷል። ከዚያም በመንገዱ አቧራ ላይ ሲበተን መጥቷል። ቆሞ ሲያድር የማያፈሰው፣ ተጭኖ ዳገት ሲወጣ እንዲህ ነበር የሚሆነው። ጠባቂው ሳይታዘዝ የቢሻውን እጅ ፈታው።

ቢሻው ግን አልተደሰተም። «እሷን ተዉ፣ እኔን ውሰዱኝ» አለ። ያረጋል ባንቺአየሁን ነበር የሚያየው።

እሷ አንዳችንንም አልሰማችም። ጎንበስ ብላ ጥቁረቱን ከቦታ ቦታ በዓይኗ ትከተላለች። ከዚያ ጠራችኝ።

«እንግዳው፣ ና እስቲ። አንድ ስፌት ሲላላ በስንት ቦታ ያፈሳል?»

«በአንድ።»

«ይኸ በሁሉም ነው የሚያፈስ። እኔ በሰፋሁትም፣ ባልሰፋሁትም። ስፌት ሁሉ ተማክሮ በአንድ ቀን አይተረተርም። ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ።» ወደ ቢሻው ዞረች። «መተንፈሻውን ምን አደረግኸው?»

ለማያውቅ ላስረዳ። ሞተር ሲያረጅ በፒስተኖቹ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች፣ ፋሻ የምንላቸው፣ ይበላሉ። ያን ጊዜ ከላይ የሚነደው ጋዝ በእነሱ በኩል ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ሆድ ይወርዳል። ይህ ግፊት መውጫ እንዲያገኝ በሞተሩ ጎን አጭር ቱቦ አለች፤ በእሷ ይተነፍሳል። እኛ ደግሞ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር አገር ሰዎች ነን። በአጨዳ ጊዜ አቧራውና የሰሊጡ ገለባ አየሩን ሲሞላው ሰዉ ሁሉ አፍና አፍንጫውን በሻሽ ይጠቀልላል። ሾፌሩም ለመኪናው አዝኖ ከማሳው ዳር ከሚበቅለው ጥጥ ይቆነጥርና በዚያች ቱቦ አፍ ላይ ጣል ያደርጋል። በሌላ አገር ይህን የሚያደርግ ሾፌር አላየሁም። ብዙዎቻችን ላላ አድርገን ስለምናስቀምጠው መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ጉዳትም አላየንበትም። ቢሻው ግን ቢሻው ነው።

«አቧራ እንዳይገባው በጥጥ ደፍኘዋለሁ» አለ። «በእንጨት ጠቅጠቅ አድርጌ። በየጉዞው እጨምርበታለሁ።»

ባንቺአየሁ ፒንሳ ጠየቀች። ጥጡ በቀላሉ አልወጣም፤ ስትስበው ጠቁሮና ጠንክሮ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ሆኖ ወጣ። ሞተሩ እየሠራ ነበርና ቱቦዋ በኃይል ተነፈሰች፤ ያረጋል ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አፍና አፍንጫውን ይዘህ ዳገት አስወጣኸው» አለችው ቢሻውን። «ታዲያ በየት ይተንፍስ? በስፌቴ ተነፈሰ እንጅ።»

ሞተሩን አጥፍተን አቀዘቀዝነው፤ እንደገና በናፍጣ አጠበችው፤ አመድ ነሰነሰችበት። ወርደን ያንኑ ዳገት ያንኑ ጭነት ይዘን ወጣን። ኮፈኑ ሲከፈት አመዱ እንደተነሰነሰ ነበር። ያረጋል በጣቱ ነካ አድርጎ አየው፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እንግዲያ ስፌትሽ ጤነኛ ነበር» አላት። ደስ ብሎታል፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «ባንቺአየሁ የደፈነችው አያፈስም የተባለው ልክ ነው።»

«ልክ አይደለም፣ ጓድ ያረጋል» አለች። «በዚሁ አባባል ነው ሰው ወደ ጎንደር ልትልኩ የነበረ።»

ያረጋል በማግስቱ ሾፌሮች ሁሉ ጥጡን ከመኪናቸው እንዲያወጡ አዘዘ። ባንቺአየሁም ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አፋቸውን ወደ መሬት አጠፈቻቸው፤ ላይ ላዩን ሳሳ ያለ ጨርቅ አሰረችባቸው። ጨርቁን ጠበቅ አድርጎ የሚያስር ሾፌር ያገኘች እንደሆነ የቢሻውን ጥጥ ከኪሷ አውጥታ አፍንጫው ሥር ትይዝለት ነበር።

ያን ዳገት የወጣን ቀን አመሻሽ ላይ ወደ እርሻው ስንመለስ ባየሽ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን። ቢሻውን እጁ ተፈትቶ ጆንያው ላይ ስታየው እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለች። ከመኪናው ቀድማ የወረደችው ባንቺአየሁ ናት፤ ብብቷን ይዛ አነሣቻት። እኔ መሪውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። አቧራ ነው ብዬ ነበር፤ ያረጋል ግን አላመነኝም፤ እሱም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር።

ባንቺአየሁ ቢሻውን ሳትጠይቀው አላለፈችም። ጋራዡ በር ላይ አቁማ ጠየቀችው፤ እኔም ሌሎቹ ሾፌሮችም እየሰማን ነበር።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ስምሽን ላጠፋ፣ እትየ?»

«ስም ዘይት አይይዝም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲሉ አልሰማህም? አንተ እስር ቤት ገብተህ፣ ባየሽ እያለቀሰች፣ እኔ እዚህ ተቀምጨ ባንቺአየሁ የደፈነችው አያፈስም እየተባልሁ ልኑር?» ድምፅዋ ተሰበረ፤ እሷም ይህን ስላልወደደችው ወዲያው ተቆጣች። «ሁላችሁም ስሙ። እኔ የደፈንሁት ካፈሰሰ መጥታችሁ በሰው ፊት ንገሩኝ።»

ሁላችንም እሺ አልን። ማንም አልነገራትም። ይሉኝታ በአንድ ቀን የሚለቅ ነገር አይደለም። አንዳች ጠብታ ያየ ሾፌር ሰው እስኪሄድ ጠብቆ፣ ጆሮዋ ሥር ተጠግቶ «እትየ፣ ትንሽ ላብ ቢጤ አለው» ይላታል እንጂ «ያፈሳል» የምትለው ቃል ከማንም አፍ አትወጣም ነበር። እሷም ይህ ያናድዳት ነበር።

ሰሊጡ አልቆ የማሽላው ጭነት ሲጀመር፣ አንድ ጠዋት ጋራዡ በሰው ተሞልቶ ነበር። ዝናዋን ሰምተው ከአብደራፊ ድረስ የመጡ የትራክተር ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በአክብሮት «ባንቺአየሁ የደፈነችው አያፈስም ሲሉ ሰምተን ነው የመጣነ» አላት። እሷ ካርቶን እየመታች «እ» አለች ብቻ።

ያን ጊዜ ቢሻው ከውጭ ገባ። እንግዶቹን አየና ቆመ። ሊመለስ ይመስል ወደ በሩ ዞር አለ፤ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ መሀል ላይ ቆመ። ግንባሩን አላበው። ሲያስሩት እንኳ ያልተናገራትን ቃል ለመናገር ምን ያህል እንደጨነቀው አይቼ እኔም አብሬው ተጨነቅኩ።

«እትየ ባንቺ» አለ ጮክ ብሎ፣ «የደፈንሽው ከፊት በኩል ያፈሳል።»

የአብደራፊ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ፤ ስለ እሷ አፈሩ። ባንቺአየሁ መዶሻዋን አስቀመጠች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«ጎበዝ» አለችው። የአመድ ጣሳዋን አንሥታ ወደ መኪናው ሄደች።